የመርከብ መጎተቻ ገመድ ውጥረት

አንድ መርከብ ሌላውን በባሕር ላይ ሲጎትት ገመዱን የሚበጥሰው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን የተጎታቹ ክብደት ነው እንል ይሆናል። ነገር ግን በተረጋጋ ባሕር ገመዱ የሚችለው የውሃውንና የነፋሱን ተቃውሞ ነው፤ ይህንንም አስቀድሞ ማስላት እጅግ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ማዕበሉ ነው። ሁለቱ መርከቦች እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ሲወዛወዙ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየጥቂት ሰከንዱ ይሰፋል፤ ይጠባልም።

ረዥም የብረት ገመድ በክብደቱ ምክንያት መካከሉ ወደ ውሃ ውስጥ ይረግባል። መርከቦቹ ሲራራቁ ቀና ይላል፤ ሲቀራረቡ ተመልሶ ይረግባል። እንግዲህ ርግበቱ እንደ ሞላ ያገለግላል ማለት ነው።

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። ክ የአንድ ሜትር ገመድ ክብደት በውሃ ውስጥ፥ ር የገመዱ ርዝመት፥ ው ውጥረቱ ይሁን። ሁለቱ ጫፎች በእኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑና ርግበቱ ከርዝመቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ሲሆን፦

ርግበት = ክ × ር² ÷ (8 × ው)
ትርፍ ርዝመት = ክ² × ር³ ÷ (24 × ው²)

ትርፍ ርዝመት የምንለው ገመዱ ፈጽሞ ቀጥ እስኪል ድረስ መርከቦቹ ሊራራቁ የሚችሉበትን መጠን ነው።

ክ 110 ኒውተን፥ ር 600 ሜትር፥ ው 300,000 ኒውተን ቢሆን ርግበቱ 16.5 ሜትር፥ ትርፉ 1.2 ሜትር ያህል ይሆናል። ውጥረቱ እጥፍ ቢሆን ትርፉ ወደ 0.3 ሜትር ይወርዳል። በመጀመሪያው ውጥረት ገመዱ 1,200 ሜትር ቢለቀቅ ግን ትርፉ 9.7 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህም ማዕበል ሲበረታ መርከበኞች ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ገመድም ይለቃሉ። ነገር ግን ርግበቱ ያን ጊዜ 66 ሜትር ስለሚሆን ጥልቀት በሌለው ባሕር ገመዱ ወለሉን ይነካል።

ይህ ስሌት ለዝግተኛ እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴው ሲፈጥን ውሃው ገመዱን ቶሎ እንዳይቀና ይይዘዋል፤ ብረቱ ራሱ ይለጠጣል፤ ውጥረቱም በድንገት ይንራል። ማዕበሎችም በቁመት ስለሚለያዩ መሐንዲሱ የሚተነብየው በተወሰኑ ሰዓታት ውስጥ ሊደርስ የሚችለውን ከፍተኛ ውጥረት ነው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 27 ቀን 2012 አይቪክ የተባለው መርከብ ኩሉክ የተባለውን የነዳጅ መቆፈሪያ በአላስካ ባሕር ሲጎትት መጎተቻው ከማያያዣው ላይ ተለያየ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሰዓታት የውጥረት ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ መደወሉን የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ምርመራ አረጋግጧል። በኩሉክ ላይ የነበሩት 18 ሰዎች በሄሊኮፕተር ተነሡ፤ መቆፈሪያው ግን ታኅሣሥ 31 ቀን ከሲትካሊዳክ ደሴት ዳርቻ ላይ ወጣ።

የስሌቱ ጥቅም እንግዲህ ደወሉ ከመደወሉ በፊት ፍጥነት እንዲቀነስ ማድረጉ ነው።

መልመጃ፦ ገመዱ 900 ሜትር ቢሆን፥ ክ እና ው ሳይለወጡ፥ ትርፍ ርዝመቱ ስንት ይሆናል?