የባለ እጅ ዘር እንዴት ይፈለጋል?

አፍሪዳር የምትኖሩ ተማሪዎች፣ የአያቶቻችሁን ታሪክ ስትፈልጉ በተዑዳት ዘሁት ላይ ካለው የቤተሰብ ስም አትጀምሩ። በአገር ቤት የቤተሰብ ስም አልነበረም፤ እዚህ ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ የአያት ስም ተወሰደ። አባትና ልጅ ለየብቻ ከመጡ የቤተሰብ ስማቸው ሊለያይ ይችላል።

የጎንደር ባለ ርስት መሬት ለመጠየቅ ዘሩን ይቆጥር ነበር። አብዛኛው የእኛ ወገን ግን ርስት ስላልነበረው በጢሰኝነት እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸክላ እየሠራ ሥራ ወዳለበት ይሄዳል። እኛ ዘር የቆጠርነው ለጋብቻ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት።

ስለዚህ አያታችሁን «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» አትበሏቸው። «አባትዎ ማረሻ የሚሠሩት ለየትኛው መንደር ነበር? እንስራው የት ገበያ ይወጣ ነበር?» በሏቸው። ገበያው መንደሩን ያስታውሳል፣ መንደሩ ዘመዱን። ዘመኑን ለማወቅ ደግሞ «ጣሊያን ሲገባ እናትዎ አግብተው ነበር?» ይበቃል፤ ያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1928 ነው።

የእናትን ወገንም ቁጠሩ፤ ስም በአባት ስለሚሄድ ቶሎ የሚረሳው እሱ ነው። የሰማችሁትን በፊደል ጻፉት፣ በዕብራይስጥ ሲጻፍ አናባቢው ይጠፋል። ድምፃቸውንም በስልካችሁ ቅዱ፣ ዛሬ ማታ ቢሆን ይመረጣል።