ንቅሳቱን ላጥፋው?

ጥያቄ፦ በፋሲካ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ ሰፈር ባለው ግቢያችን እናቴንና ልጆቼን በስልኬ አነሳኋቸው። ነጠላው አምሮ ሲወጣ ፊታቸው ጠቆረ። እህቴ «እሱን ስታስተካክል የእማዬን ሽብሽብና የአንገቷን ንቅሳትም አጥፋው» ትላለች። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ብርሃኑን ያስተካክሉ፤ ንቅሳቱን ግን ያለ እናትዎ ፈቃድ አይንኩ።

ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛበት ይመስለውና ይቀንሳል። ነጠላው ይተርፋል፣ ፊት ይጨልማል። ዴንቨርና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆኑ የቀትሩ ፀሐይ ጥላውን ያከብደዋል። ስለዚህ ፎቶውን በሙሉ አያብሩት፤ ጥለቱ ይጠፋል። ጥላውን ብቻ ከፍ ያድርጉ፣ ወይም ፊታቸውን ለይተው ያብሩ። ሌላ ጊዜ ከቤቱ ጥላ ሥር ያቁሟቸውና ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ይንኩ።

ፊት ማብራትና ቆዳ ማንጣት ግን ለየቅል ናቸው። የስልኩ ማሳመሪያ ፊልተር ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያደባልቃል፤ ያጥፉት። በፊልሙ ዘመን የኮዳክ ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ካርድ ነበር፤ የእኛ ፊት በዚያ ልክ ተሰፍቶ አያውቅም።

መነካካት አዲስ ነገር አይደለም፤ የድሮ ፎቶ ቤቶችም ኔጋቲቩን በእርሳስ ያሳምሩ ነበር። የእኔ ሚዛን ቀላል ነው፦ በሳምንት የሚድን ብጉር፣ የልጅ ንፍጥ፣ ከኋላ የገባ የቆሻሻ ገንዳ ይጥፋ። ሽብሽቡ ይቆይ፤ ቢበዛ ትንሽ ይለስልስ። በንቅሳቷ የምትኮራም የምታፍርም እናት አለች፤ የእርስዎን ይጠይቋት። አጥፋው ካለች ኮፒው ላይ ይሥሩና ኦሪጅናሉን ለብቻው ያስቀምጡ።