አሮጌው የጀልባ ሞተር በጣና ላይ ለምን ይደክማል?

በደብረ ብርሃን ንፍሮ ጥዶ የጠበቀ ሰው ሁሉ የከባቢ አየርን ግፊት ሳያውቀው ለክቶታል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣ አሮጌ ኤንትሬ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚያቃስተውም በዳገቱና በጭነቱ ብቻ አይደለም፤ የሚተነፍሰው አየር ሳስቷል።

ይህንኑ በክፍል ውስጥ ሳስተምር አንድ የዘጌ ተወላጅ ተማሪ «መምህር፣ የአባቴ ጀልባም እንዲሁ ናት» አለኝ። አባቱ ያገለገለ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ገዝተው፣ «አቅም የለውም» በመባሉ ሁለት ጊዜ አስፈትተውታል፤ ፒስቶንና ፋሻ አስቀይረዋል። ለውጥ ግን አልመጣም። ለአንድ ዓሣ አስጋሪ ቤተሰብ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

በጣና የጥንቱ መጓጓዣ የደንገል ታንኳ ነው። በሞተር ጀልባ መረብ እየጣሉ ማስገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ታንኳን የአየር ግፊት አያስጨንቀውም፤ ቀዛፊውም ከአየሩ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ሞተሩ ግን በአብዛኛው የባሕር ጠረፍ እንግዳ ነው፤ ለመዝናኛ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ተሠርቶ፣ አቅሙም በባሕር ወለል አየር ተለክቶ የመጣ። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞርበትም ኃይል፣ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል።

የሞተሩ ጉዳት ግን በዚህ አያበቃም። ፕሮፔለር ውኃውን ለመግፋት የሚጠይቀው የማዞር ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ይጨምራል። ውኃው በከፍታ ምክንያት አልሳሳም፤ የሳሳው አየሩ ብቻ ነው። በባሕር ወለል በደቂቃ 5,500 ዙር ይዞር የነበረ ሞተር ኃይሉ ወደ 0.8 ሲወርድ፣ ፍጥነቱ በ0.8 ካሬ ሥር ተባዝቶ ወደ 4,900 ዙር ይወርዳል። አቅም የኃይልና የፍጥነት ብዜት ነውና 40 የፈረስ ጉልበት 32 ሳይሆን 29 ገደማ ይሆናል። ከዚህም በላይ ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተከፍቶለት በዝቅተኛ ዙር እየታገለ ይግላል፤ የፒስቶኑ ዕድሜም ያጥራል።

መፍትሔው ሞተር መፍታት ሳይሆን ፕሮፔለር መቀየር ነው። መካኒኮች ፒች የሚሉት ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት ሊሄድ የሚገባውን ርቀት ነው። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀንስ ሞተሩ እንደ ጀልባው ዓይነት ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይጨምራል። በዚህ ስሌት 13 ኢንች የነበረው በ10 ወይም በ11 መተካት ይኖርበታል። አየሩ የወሰደውን አይመልስም፤ ፕሮፔለሩ የደረበውን ኪሳራ ግን ይመልሳል። ዙር መለኪያ ሳያስሩ ስለ ሞተር አቅም መከራከር፣ በእኔ አስተያየት፣ ያለ ሚዛን እህል እንደ መሸጥ ነው።

የተማሪዬን አባት ያሳሳታቸው ሌላም መለኪያ አለ። የኮምፕሬሽን መለኪያ የሚያሳየው ቁጥር ከውጭው ግፊት ጋር አብሮ ይወርዳል። የአምራቹ መጽሐፍ 120 የሚለው ጤነኛ ሲሊንደር በጣና 96 ገደማ ቢያሳይ ፋሻው አልቋል ማለት አይደለም። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ 96፣ ሌላው 75 ከሆነ በእርግጥ ችግር አለ።

ካርቡሬተር ያለው ሞተር ደግሞ ቤንዚን ይበዛበታል። የቤንዚኑ መጠን ከአየሩ አንጻር የሚያድገው በአየሩ እፍግታ ካሬ ሥር ተገላቢጦሽ ነው፤ በጣና 12 በመቶ ያህል ትርፍ ማለት ነው። ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፤ ቤንዚንም በከንቱ ይባክናል። አነስ ያለ ቀዳዳ ያለው ጂግለር ማስገባት ይበቃል። ጀልባውን ወደ ቆላ የሚወስድ ሰው ግን የቀድሞውን መመለስ አይርሳ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከበዛበት ይልቅ ቶሎ ይቃጠላል።

ስለ ውኃው ጥቂት ልጨምር። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው የሐይቁን ውኃ በጎማ ፓምፕ ስቦ ነው። ክረምት ወንዞች የሚያመጡት ደለል ጎማውን ይበላዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በጣና የታየው እንቦጭም መሳቢያውን ይደፍናል። በሞተሩ ጎን የሚወጣው ቀጭን የውኃ መስመር ከቀነሰ ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል። ከዝገት የሚጠብቀው ቁራጭ ብረት ለባሕር የሚሆነው ዚንክ ከሆነ በጣፋጭ ውኃ እምብዛም አይሠራም፤ በማግኒዥየም ይተካ። የተቀደደ መረብ ክር ደግሞ በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ የዘይት መከላከያውን ጎማ ይቆርጣል። የማርሹ ዘይት ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቷል፤ ፕሮፔለሩን አውልቆ ክሩን መፈለግ ነው።