ለጉለሌ ጀማሪ የወፍ አስጎብኚዎች

ዝናቡ መለስ ብሎ አደይ ሲፈነዳ፣ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሚሸሹ ወፎች ወደ አገራችን ይገባሉ። ወፍ ለማየት ከውጭ የሚመጡ ጎብኚዎችም የሚበዙት ከዚሁ ወቅት ጀምሮ ነው። ብዙዎቹ ወደ ባሌ ወይም ወደ ስምጥ ሸለቆ ከመውጣታቸው በፊት አዲስ አበባ አንድ ቀን ያድራሉ። ያቺ ቀን ለሽሮ ሜዳና ለጉለሌ ወጣት እንጀራ ልትሆን ትችላለች። ወደ 700 ሄክታር የሚሰፋው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል እዚሁ ደጃችን ነው፤ ከፍታውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ቀሪው የእናንተ ዝግጅት ነው።

መጀመሪያ ነባሩን እወቁ

ነባሩን ወፍ ያላወቀ እንግዳውን ወፍ አይለይም። ስለዚህ ሥራችሁን በክረምቱ ጀምሩ። ጠዋት እየጮኸ በመንጋ የሚያልፈውን ጋጋኖ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለውን ርግብ በድምፅም በአበራረርም ልመዱ። ሁለቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ ስለማይገኙ የውጭ ጎብኚ አጥብቆ ይፈልጋቸዋል።

ስለ መስቀል ወፍ መጠየቃችሁም አይቀርም። ብዙዎች በዚህ ስም የሚጠሯቸው ደማቅ ቀይና ቢጫ ወፎች ከሩቅ የመጡ አይደሉም። ወንዶቹ በዝናቡ ወራት የመራቢያ ላባቸውን ስለሚለብሱ አዲስ የገቡ ይመስላሉ እንጂ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጭላትን በደንብ ተመልከቱ። ሥጋ ቤት ላይ የሚያንዣብበው የአገራችን ጭላት ሲጎለምስ መንቁሩ ቢጫ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ግን መንቁሩ ጥቁር፣ ራሱ ግራጫ የሆነ ይቀላቀለዋል፤ ይህኛው ከሰሜን የመጣ ነው። የአገራችንም ጫጩት ሳይጎለምስ መንቁሩ ጥቁር ስለሆነ፣ የጭንቅላቱን ቀለም ሳታዩ አትፍረዱ።

ሰዓቱንና ቦታውን ምረጡ

ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት የትናንሽ ወፎች ጊዜ ነው። መግቢያ ሰዓቱን ከማዕከሉ ጋር ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ። ባሕር ዛፍ ውስጥ ጊዜ አታጥፉ፤ ጥድ፣ ኮሶና ወይራ ያለበትን፣ በተለይም ደኑ ከሜዳው የሚገናኝበትን ጠርዝ ያዙ። 10 ግራም እንኳ የማትሞላ፣ ቅጠል የምትመስል አረንጓዴ ወፍ ከሰሜን አውሮፓ ድረስ መጥታ እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ነፍሳት ስትለቅም ታገኟታላችሁ። ከብት በሚግጥበት ሣር ላይ ደግሞ ጭራዋን ከላይ ወደ ታች የምትወዘውዝ ቢጫ ወፍ ፈልጉ።

ከ4 ሰዓት በኋላ ገላጣ ጉብታ ላይ ወጥታችሁ ሰማዩን ቃኙ። መሬቱ ሲግል ሞቃት አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ንስርና ሌሎች አዳኝ አሞራዎችም ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በዚያ አየር እየዞሩ ከፍ ይላሉ። ከሰሜን የሚመጡት ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኙ ቀይ ባሕርን የሚሻገሩት በጠባቡ በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መገባደጃ ጅቡቲ ላይ ቆመው የቆጠሩ ባለሙያዎች በአምስት ሳምንት ገደማ ከ240,000 በላይ አዳኝ አሞራዎች ሲሻገሩ መዝግበዋል። በጥቅምትና በኅዳር ከካዛኪስታን ሜዳዎች የሚመጣው፣ ክንፉ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ገደማ የሚሆነው ንስርም መንገዱ ይኸው ነው። ይህ ንስር በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተመድቧል፤ ስታሳዩ ይህንንም ንገሩ።

እንግዳው ግማሽ ቀን ከተረፈው ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወይም ዳክዬዎች ወደሚያርፉበት ገፈርሳ ግድብ ውሰዱት።

መሣሪያና ሥነ ምግባር

ስምንት ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ባይኖኩላር ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ለአንድ ሰው ከከበደ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ግዙ። ሜርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ በነፃ ይገኛል፤ ለመማር ይረዳል፣ ግን እርሱ ስላለ ብቻ አትመኑ። የወፎቹን የእንግሊዝኛና የሳይንስ ስም አጥኑ፤ ከእንግዳው ጋር የምትግባቡት በእርሱ ነው።

ያልለያችሁትን ወፍ በግምት አትጥሩ። ለዓመታት ወፍ ያየ ጎብኚ ግምትን ወዲያው ያውቃል፤ “ይህን አልለየሁትም፣ አብረን እንየው” የሚለውን አስጎብኚ ግን ያከብራል። ጎጆ አትጠጉ፤ ወፍ ለመጥራት ብላችሁ የተቀዳ ድምፅ ደጋግማችሁ አታጫውቱ። ለሥራው የሚያስፈልገውን ፈቃድም ሳትይዙ ክፍያ አትቀበሉ።

ከሁሉ በላይ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የወፉን ዓይነትና ቁጥር ጻፉ፤ ወደ ኢበርድ ድረ ገጽም አስገቡት። ጎብኚዎች ጉዟቸውን የሚያቅዱት ይህን እያዩ ነው፤ የወፎችን ቁጥር የሚከታተሉ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። የሦስት ዓመት መስከረም በደብተሩ የያዘ ልጅ፣ የትኛው ወፍ በየትኛው ሳምንት የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚጠበቅ ለእንግዳው ሊነግር ይችላል። እንግዳውም ከሌላው ይልቅ እርሱን የሚመርጠው ለዚህ ነው።