ስለ እግር ደም መላሽ ሥሮች ሕመምና ስለ ሕክምናው

ወደ እግር የወረደው ደም ወደ ልብ ሽቅብ መመለስ አለበት። ስንራመድ የባት ጡንቻ እየጨመቀ ይገፋዋል፤ በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ያሉት ትናንሽ መዝጊያዎችም ወደ ታች እንዳይመለስ ይከለክሉታል። የመዝጊያዎቹን ሥራ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ በ1628 እ.ኤ.አ. አስረድቷል።

መዝጊያዎቹ ሲበላሹ ግን ደሙ ቁልቁል ይመለሳል፤ ሥሩ ይወጠራል፥ ይጠማዘዛል፤ እግር ያብጣል፤ ውሎ አድሮም በቁርጭምጭሚት አጠገብ በቀላሉ የማይድን ቁስል ይወጣል። ቁስሉን ብቻ ማጠብ ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ነው። ስለዚህ ሐኪሞች የተበላሸውን ሥር ከሥራ ያስወጡታል፤ ዋና ዋናዎቹ መንገዶችም ሦስት ናቸው።

፩ኛ፥ ሥሩን በብሽሽት አጠገብ አስሮ መዝዞ ማውጣት፤ በሥሩ ውስጥ በሚገባ ዘንግ መምዘዝን አሜሪካዊው ሐኪም ባብኮክ በ1907 እ.ኤ.አ. ገለጠ።

፪ኛ፥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በሌዘር ወይም በራዲዮ ሞገድ ሙቀት ከውስጥ መዝጋት፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ይህ ነው።

፫ኛ፥ መድኃኒት በአረፋ መልክ በመርፌ ሰጥቶ ሥሩ እንዲጣበቅ ማድረግ።

ታዲያ ሥሩ ከወጣ ደሙ በምን ይሄዳል? አብዛኛው የእግር ደም የሚመለሰው በጡንቻዎች መካከል ባሉት ጥልቅ ሥሮች ስለሆነ፥ የቀረውንም እነርሱ ይሸከሙታል። ስለዚህም ጥልቆቹ ክፍት መሆናቸው በድምፅ ሞገድ መሣሪያ አስቀድሞ ይመረመራል።

እንግዲህ ቆመው በሚውሉ ወላጆቻችን እግር ላይ የተጠማዘዘ ሥር ብናይ፥ ቁስል ሳይሆንባቸው ወደ ሐኪም እንዲሄዱ እንምከራቸው።