የቀበና አረፋ፦ ስለ ሙል አልባ ሰርፋክታንቶች

ከእንጦጦ ተራራ ተነሥቶ የየካን ሰፈሮች እየዳሰሰ ወደ ታላቁ አቃቂ በሚያመራው በቀበና ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥብ ሰው፣ አረፋው የት እንደሚደርስ አያይም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ያንን አረፋ ተከትለን እንወርዳለን።

ቅባትንና ውሃን የሚያስታርቅ ኬሚካል ሰርፋክታንት ይባላል። የሞለኪውሉ አንድ ጫፍ ቅባትን፣ ሌላው ውሃን ይወዳል። በተለመደው ሳሙና ውሃ ወዳዱ ጫፍ ኔጌቲቭ ሙል ስላለው፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ከእነዚህ አዮኖች ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል። ሙል አልባው ሰርፋክታንት ይህ ችግር የለበትም፤ ውሃን የሚይዘው ኦክሲጅን አተሞቹ በሚፈጥሩት የሃይድሮጅን ትስስር ነው። ትስስሩ በሙቀት ስለሚላላ፣ ከኤቲሊን ኦክሳይድ የሚሠሩት ብዙዎቹ ሲሞቁ መፍትሔያቸው ይደፈርሳል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠራል። ስኳር በትኩስ ሻይ ይበልጥ እንደሚሟሟ ለለመደ ሰው ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

እንዶድም የዚሁ ቤተሰብ ዘመድ ነው። የፍሬው ሳፖኒኖች በቅባት ወዳድ አካል ላይ ስኳር የተቀጠለባቸው ሞለኪውሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ በመሆኑ፣ ከዚህ ምልከታ ረጅም ምርምር ተወለደ። ኬሚስትሪው ደግሞ እጅግ የረቀቀ ነው። ባልተወቀጠው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት በኩል ስኳር ስለተሸከመ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የራሱ ኤንዛይም አንደኛውን ወገን ይቆርጠዋል፤ ገዳይነቱ የሚነቃው ያኔ ነው። (በጥብቅ ከተነገረ፣ በተቆረጠው ቦታ የአሲድ ጫፍ ስለሚጋለጥ ሙል አልባነቱም በከፊል ይቀራል።) ዓሣንም ይገድላል፤ ነገር ግን በውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይፈራርሳል።

ኢንዱስትሪው ሙል አልባዎቹን ለልብስ ማጠቢያ፣ ለጨርቃ ጨርቅ ዝግጅትና ለፀረ ተባይ መድኃኒት ማዋሃጃ ይጠቀምባቸዋል። ፖሊሶርቤት 80 የተባለው በአይስክሬምም በአንዳንድ ክትባትም ይገኛል። አሳሳቢዎቹ ከኖኒልፌኖል የሚሠሩት ናቸው፤ በከፊል ሲበሰብሱ ኖኒልፌኖልን በወንዝ ደለል ውስጥ ይተዋሉ፤ እርሱም የሴት ሆርሞንን እየመሰለ የዓሣን ተዋልዶ ያዛባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ አጠቃቀማቸውን ገድቧል።

ከግሉኮስና ከቅባት አልኮል የሚሠሩት አልኪል ፖሊግሉኮሳይዶች በቀላሉ ይበሰብሳሉ። አወቃቀራቸውን ስናየው የእንዶዱን ንድፍ እናገኛለን፤ በአንድ በኩል ስኳር፣ በሌላው ቅባት ወዳድ አካል።