ስለ ቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች መጋል፣ ስለ ጥገናቸውና ስለ አጠባበቃቸው

ዕቃን ከውጭ አገር አስመጥቶ መሸጥ ብቻውን የነጋዴን ተግባር አይፈጽመውም። የተሸጠው ዕቃ በገዢው ቤት ምን ያህል ዘመን እንደሚያገለግል፣ በተበላሸም ጊዜ ምን ሊደረግለት እንደሚገባ ማወቅ የንግዱ ሁለተኛ ክፍል ነው። በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ከቴሌቪዥን ጋራ ተያይዞ የሚሠራውን የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ነው። ይህ ዕቃ ዋጋው ከፍ ያለና ያለ ዕረፍት ብዙ ሰዓት የሚሠራ በመሆኑ፣ ዋነኛ ጠላቱ ሙቀት ነው። ሙቀት ያመጣውን ብልሽት ለይቶ የሚያውቅ ባለ ሱቅ የደንበኛውን ገንዘብ የራሱንም ስም ያድናል፤ የማያውቅ ግን ለጥቂት ቀን የነቃውን ዕቃ «ተጠግኗል» ብሎ ይሸጥና ከደንበኛው ጋራ ይጣላል።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ የሚሆነን ኤክስቦክስ 360 የተባለው የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ኩባንያ መሣሪያ ነው። መሣሪያው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኖቬምበር 2005 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ግን በየቤቱ በፊቱ ላይ ካለው ክብ መብራት ሦስቱ ሩብ ቀይ እየበራ ሥራውን የሚያቆም ሆነ። ስለዚህ ኩባንያው በጁላይ 2007 ዓ.ም. ለዚህ ብልሽት የሰጠውን ዋስትና ወደ 3 ዓመት አራዘመ፤ ለዚሁም ጉዳይ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ በሒሳቡ መዘገበ። ይህን ያህል ገንዘብ ያስወጣው ነገር በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ነበር።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ብዙ ሙቀት የሚያወጡ ሁለት ትልልቅ ቺፖች አሉ። ሙቀታቸው በቀጭን ቅባት አማካይነት በላያቸው ወደ ተቀመጠው ሙቀት መሳቢያ ብረት ያልፋል፤ ከዚያም ማራገቢያው ወደ ውጭ ያስወጣዋል። መሣሪያው ሲበራ ክፍሎቹ ይለጠጣሉ፣ ሲጠፋ ይኰማተራሉ፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ መጠን አይለጠጡም። ይህ መላልሶ ሲደርስባቸው ጥቃቅን መገናኛዎቻቸው ይሰነጠቃሉ። የኩባንያው ሰዎችም በ2021 ዓ.ም. ስለ መሣሪያው ታሪክ በቀረበ ፊልም ላይ፣ የብልሽቱ ምንጭ በመጋልና በመቀዝቀዝ መፈራረቅ የተነሣ በክፍሎቹ ውስጥ የሚሰበሩት መገናኛዎች እንደ ነበሩ ገልጸዋል።

እንግዲህ ባለ ሱቁ ዕቃው ሲመጣለት ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት መብራቱን ይመልከት። በመጀመሪያዎቹ ኤክስቦክስ 360 ላይ አንድ ሩብ ብቻ ቀይ ከበራ አንድ ክፍል መበላሸቱን ያመለክታል፤ በቴሌቪዥኑም ላይ የስሕተት ቍጥር ይታያል። ሁለት ሩብ ከበራ መሣሪያው ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው፤ ሦስት ሩብ ከበራ የውስጥ ብልሽት አለ፤ አራቱም ከበሩ ግን የቴሌቪዥኑ ገመድ በሚገባ አልተሰካም። ገመድ ለማጥበቅ የጥገና ዋጋ የሚቀበል ነጋዴ ስሙን በርካሽ እንደ ሸጠ ይቈጠራል።

መሣሪያው ገና ሞቶ ሳይሆን በመጋል ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ በቤት የሚደረገው ጥገና የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ዋስትናው ያላለፈ ከሆነ አይከፈት፤ ወደ ሻጩ ይመለስ።

2ኛ፤ ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ መሣሪያው በሚገባ ይቀዝቅዝ። የኃይል መስጫው ክፍል ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል ፈጽሞ አይከፈት።

3ኛ፤ ሽፋኑ ለቡሎኑ በተስማማ ኮከብ ራስ ባለው ካቻቢቴ ይከፈት፤ የተፈቱት ቡሎኖች በየተራቸው ይቀመጡ።

4ኛ፤ አቧራው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽና በታመቀ አየር ይጽዳ። አየር በሚነፋበት ጊዜ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ።

5ኛ፤ ሙቀት መሳቢያው ብረት በጥንቃቄ ይነሣ። በኤክስቦክስ 360 ውስጥ ይህን ብረት ከቦርዱ ሥር በኤክስ ቅርጽ የተሠራ መቈንጠጫ ይይዘዋል፤ በኃይል ሲፈለቀቅ ካቻቢቴው ቢያመልጥ በቦርዱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ይቈርጣል።

6ኛ፤ የደረቀው ቅባት ከ90 በመቶ በማያንስ አይሶፕሮፒል አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። ከዚያም የምስር ፍሬ የሚያህል አዲስ ቅባት በቺፑ ላይ ስስ ሆኖ ይቀባ። ቅባት ሲበዛ ሙቀቱን ያግዳል እንጂ አያስተላልፍም።

ሦስቱ ቀይ መብራቶች ከበሩ በኋላ ግን ይህ ጥገና የተሰነጠቀውን አይመልሰውም። አንዳንድ ሰዎች መሣሪያውን በፎጣ ጠቅልለው እስኪግል ያበሩታል፤ አንዳንዶችም ቦርዱን በምድጃ ያሞቁታል። እርሳስ የሌለበት የዘመኑ የቦርድ ብየዳ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የፎጣው ሙቀት ከዚህ አይደርስም። የተሰነጠቀው ነጥብ ተለጥጦ ለጊዜው ይነካካል፣ ዕቃውም ይነሣል፤ ጥቂት ቀን ወይም ጥቂት ሳምንት ሠርቶ ተመልሶ ይወድቃል። ከዚህም በላይ የእሳት አደጋ ያስከትላል። ስለዚህ በፎጣ የነቃ መሣሪያን ደኅና ነው ብሎ መሸጥ ጥገና ሳይሆን ማታለል ነው።

ያገለገለ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎችም ይህን ምልክት ያስተውሉ። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ 360 አዳፕተር 203 ዋት ነው፤ ከዚያ የተከተሉት በተራ 175 እና 150 ዋት ናቸው። ኃይሉ በቀነሰ መጠን የሚወጣው ሙቀት ስለሚቀንስ፣ የኋለኛው ይመረጣል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ቀጭኑ ዓይነት ደግሞ 135 ዋት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አዳፕተር ግን ከ100 እስከ 127 ቮልት ብቻ የሚቀበል ስለ ሆነ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ሊሰካ አይገባም፤ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ይነበብ።

ከጥገና ሁሉ የሚበልጠው አስቀድሞ መጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ የሳሳ አየርም ሙቀትን የሚወስደው በመጠኑ ነው። ስለሆነም መሣሪያው ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ በምንጣፍ ላይ ወይም በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አይሁን። ለጌጥ ተብሎ ዳንቴል አይልበስ። አቧራ በሚበዛበት የበጋ ወራት የአየር መግቢያዎቹ በየጊዜው ይጠረጉ። ማራገቢያው ከወትሮው ይልቅ መጮኽ ከጀመረ፣ ይህ ውስጡ መታፈኑን የሚነግር የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ስለ ሆነ ቸል አይባል።

በመጨረሻም ለባለ ሱቆቻችን የምንመክረው፣ ከሚሸጡት መሣሪያ ጋራ ይህን አጠባበቅ በአጭር ወረቀት ጽፈው እንዲሰጡ፣ ላገለገለ ዕቃም ምን እንደ ተጠገነ በደረሰኙ ላይ እንዲያመለክቱ ነው። የወረቀቱ ዋጋ ጥቂት ነው፤ የተመለሰ ዕቃ ግን ትርፉንም ደንበኛውንም ይዞ ይሄዳል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።